ርቀቱን ማን ይንገረው? የፕሮግረስ ኤም-34 እና የሚር ግጭት

ሰኔ 18 ቀን 1989 ዓ.ም. ረቡዕ ዕለት፣ ሰው ያልተሳፈረባት የሩሲያ የጭነት መንኮራኩር ፕሮግረስ ኤም-34 ምድርን ይዞር ከነበረው ሚር የጠፈር ጣቢያ ጋር ተላተመች። ክብደቷ ሰባት ቶን ይጠጋል። በሰከንድ ሦስት ሜትር ገደማ ፍጥነት መጥታ ስፔክትር የተባለውን የጣቢያውን ክፍል መታችው። የፀሐይ ኃይል መሰብሰቢያ ሰሌዳው ተጎዳ፣ የክፍሉ ግድግዳ ተበሳ፣ አየር ወደ ውጭ መውጣት ጀመረ። በጣቢያው የነበሩት ሦስት ሰዎች የተበሳውን ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ ከሌላው ለይተው ባይዘጉት ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ሦስት አስከሬን ወይም ባዶውን ስለተተወ ጣቢያ በሆነ ነበር።

ከአደጋው በኋላ ጣት የተቀሰረው መንኮራኩሯን በርቀት ይነዳ በነበረው አዛዥ ላይ ነው። ያ ፍርድ ትክክል እንዳልነበረ አምናለሁ፤ ይህን የጉዳይ ጥናት የጻፍኩትም ለምን እንደማምን ለማሳየት ነው። አዛዡ ፍሬን የያዘው በጊዜው ነበር ወይስ ዘግይቶ የሚለው ጥያቄ በመጨረሻ የሚመጣ ነው። ከዚያ በፊት ርቀቱንና ፍጥነቱን የሚነግረውን መሣሪያ ማን አጠፋበት፣ ለምንስ አጠፋበት የሚለው መመለስ አለበት።

የተጻፈው ለቃሊቲ ሰዎች ነው። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ ከቃሊቲ እስከ አቃቂ ባለው መስመር መጋዘን ከመጋዘን ተያይዟል፤ በጅቡቲ መንገድ የሚገቡ ተሳቢዎች ተራ ጠብቀው የሚያራግፉት እዚያ ነው። እኔም እዚያ ለከባድ መኪና ሹፌሮች፣ ለረዳቶችና ለመጋዘን ፈረቃ ኃላፊዎች የሥራ ደኅንነት ሥልጠና እሰጣለሁ። በራሳችን ግቢ የደረሰ አደጋ ስናነሳ ውይይቱ ቶሎ ይበላሻል። የተጎዳው ወዳጅ ነው፣ ያጠፋው የአንዱ ዘመድ ነው፣ አለቃውም ከኋላ ተቀምጦ ይሰማል። ስለዚህ ማንም የማይቀየምበት የሩቅ ጉዳይ አስፈለገኝ። ይህኛው ሩቅ ቢሆንም በባሕርዩ የእነሱ ሥራ ነው። ከባድ ተሳቢን በኋላ ማርሽ ወደ መጋዘን በር የሚያስጠጋ ሹፌርም ሆነ የሚር አዛዥ የነበረው ጺብሊዬቭ የተባለው ኮስሞናውት (የሩሲያ ጠፈርተኛ)፣ ራሱ የማያየውን ጫፍ እየገመተ ብዙ ቶን ወደ ጠባብ ቦታ ያስገባል። ቀናቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

ጭነት የምታደርስ፣ ቆሻሻ የምትወስድ

ፕሮግረስ የተባሉት መንኮራኩሮች ሥራ የጀመሩት ጥር 12 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው። ያን ዕለት የመጀመሪያዋ ወደ ሳልዩት 6 ጣቢያ ተተኮሰች። አሠራራቸው ሰው ከሚያጓጉዘው ከሶዩዝ የተቀዳ ነው፤ ሰው ስለማይሳፈርባቸው ግን ወደ ምድር የመመለሻ አካል የላቸውም። ሁለት ቶን ተኩል ያህል ምግብ፣ ውኃ፣ ነዳጅ፣ ልብስ፣ መለዋወጫና ደብዳቤ አድርሰው፣ ከተራገፉ በኋላ የጣቢያው ሰዎች ቆሻሻቸውን ይሞሉባቸዋል። ከዚያ ተለያይተው ወደ ከባቢ አየር ይወርዱና ይቃጠላሉ። ጣቢያን በሕይወት የሚያቆየው ይህ ምልልስ ነው፤ ከጠፈርተኞቹ ዝና ጋር ሲነጻጸር ግን ስሙን የሚያነሳለት የለም።

ፕሮግረስ ኤም-34 መጋቢት 28 ቀን 1989 ዓ.ም. ተነሥታ መጋቢት 30 ቀን ያለ ችግር ሚር ላይ ደረሰች። ጭነቷ ተራገፈ፣ ቆሻሻው ተጫነባት። እስከዚህ ድረስ ተልእኮዋ የተሳካ ነበር፤ ሰኔ 17 ቀን ከጣቢያው ስትለያይ ለእሳት የቀረች ዕቃ ነበረች። ሆኖም ከመቃጠሏ በፊት አንድ ሥራ ታቀደላት፤ ርቃ ሄዳ በማግስቱ በእጅ እየተነዳች ወደ ተነሣችበት በር እንድትመለስ። አደጋው የደረሰው በዚያ ሙከራ ላይ እንጂ ጭነት በማድረሱ ላይ አልነበረም። ሹፌሮቹ ይህን ሲሰሙ በአንድ ድምፅ ያነሡት ጥያቄ አለ፦ ባዶዋን፣ ሥራዋን ጨርሳ የምትሄደውን መኪና እንደገና ወደ በሩ ማስጠጋት ለምን አስፈለገ? መልሱ ገንዘብ ነው።

የኩርስ ዋጋ

በተለመደው አሠራር ፕሮግረስን ወደ ጣቢያው የሚያደርሳት ኩርስ የተባለ መሣሪያ ነው። መንኮራኩሯና ጣቢያው በራዲዮ ሞገድ ይነጋገራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት፣ የሚቀራረቡበት ፍጥነትና አቅጣጫ በየቅጽበቱ ይለካል፤ ኮምፒውተሩም በልኬቱ መሠረት ትንንሾቹን ሞተሮች እያስነሣና እያጠፋ ያስጠጋታል። ሰው የሚያየው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ እጁን የሚያነሣው አንድ ነገር ከተበላሸ ነው።

ኩርስ የሚሠራው ግን ኪየቭ ውስጥ ነበር። ሶቪየት ኅብረት በ1984 ዓ.ም. ስትፈርስ ኪየቭ የሌላ አገር ዋና ከተማ ሆነች፤ ትናንት በአንድ መንግሥት ዕቅድ ይመጣ የነበረው መሣሪያ ከውጭ የሚገዛ ዕቃ ሆነ፣ ዋጋውም ናረ። መንኮራኩሯ ስትቃጠል በላይዋ ላይ ያለው የኩርስ ክፍል አብሮ ይቃጠላል። የሩሲያ የጠፈር ሥራ ደግሞ በዚያን ጊዜ ደመወዝ ለመክፈል እንኳን የሚቸገር ነበር። በእያንዳንዱ ጉዞ ውድ መሣሪያ ከማቃጠል ቶሩ በተባለው ሌላ መሣሪያ ብንሠራስ የሚል ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

ቶሩ መጠባበቂያ ነው። በመንኮራኩሯ አፍንጫ ላይ የቴሌቪዥን ካሜራ አለ፤ ካሜራው የሚያየው በጣቢያው ውስጥ ባለ ስክሪን ላይ ይታያል፤ ኮስሞናውቱ በሁለት እጀታዎች፣ በአንዱ አቅጣጫዋን በሌላው ግፊቷን እየተቆጣጠረ፣ በውስጧ የተቀመጠ ያህል ይነዳታል። መሣሪያው ራሱ መጥፎ አይደለም። ነሐሴ 27 ቀን 1986 ዓ.ም. ፕሮግረስ ኤም-24 በራሷ መያያዝ አቅቷት ከጣቢያው ጋር ከተነካካች በኋላ፣ ዩሪ ማሌንቼንኮ በቶሩ ነድቶ በሰላም አስገብቷታል። ነገር ግን ለክፉ ቀን የተቀመጠን መሣሪያ ከሩቅ ጀምሮ ዋና መንጃ ማድረግ ሌላ ሥራ ነው። ሌላ ልምምድ፣ ሌላ መለኪያ፣ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በ1989 ዓ.ም. የተደረገው መሣሪያውን ወደ ሌላው ሥራ ማሸጋገር ብቻ ነበር፤ ልምምዱና መለኪያው አብረው አልተሸጋገሩም።

የየካቲቱ ማስጠንቀቂያ

ከግጭቱ ወራት ቀደም ብሎ፣ የካቲት 25 ቀን፣ ይኸው ሙከራ በፕሮግረስ ኤም-33 ተሞክሮ ነበር። እጀታውን የያዘው ያው ቫሲሊ ጺብሊዬቭ ነው። መንኮራኩሯ እየቀረበች ሳለ ስክሪኑ ላይ ምስል የለም። ጺብሊዬቭ ባዶ ስክሪን ፊት ተቀምጦ፣ ጓደኛው አሌክሳንደር ላዙትኪን በመስኮት እየፈለገ፣ ሰባት ቶኑ ከጣቢያው 200 ሜትር ገደማ ርቆ አለፈ።

አደጋ ሳይደርስ የቀረ አደጋ ማለት ይህ ነው። በማንኛውም የሥራ ቦታ ከዚህ የሚበልጥ ማስጠንቀቂያ አይገኝም፤ ዋጋው ባዶ ነው፣ ትምህርቱ ሙሉ ነው። ከዚህ በኋላ የተደረሰበት ውሳኔ ግን እስከ ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል። ምስሉን ያጠፋው ምናልባት የኩርስ ራዳር ሞገድ ከካሜራው ሞገድ ጋር ስለተጋጨ ይሆናል ተባለ። ስለዚህ በሚቀጥለው ሙከራ ኩርስ ጭራሹን እንዲጠፋ ተወሰነ። ምስሉ እንዲመለስ ተብሎ ልኬቱ ተሠዋ። ርቀትና ፍጥነት በቁጥር ይናገር የነበረው ብቸኛው መሣሪያ ሲጠፋ፣ በቦታው የተተካው በስክሪኑ ላይ የተሰመሩ መስመሮች፣ የእጅ ሰዓትና በመስኮት ሆነው በሌዘር ርቀት የሚለኩበት የእጅ መሣሪያ ነበር።

ሰዎቹ ደግሞ ደክመው ነበር። የካቲት 16 ቀን ኦክስጅን ለማመንጨት የሚቃጠለው ጠጣር ነዳጅ በክቫንት ክፍል ውስጥ እሳት አስነሥቶ ጣቢያውን በጭስ ሞልቶት ነበር። በተከታታዮቹ ወራት የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ከቱቦዎቹ እያፈሰሰ፣ የኦክስጅን ማመንጫው እየተበላሸ፣ ሙቀቱ እየከበደ፣ ላዙትኪንና ጺብሊዬቭ ከጥገና ወደ ጥገና ሲሮጡ ከረሙ። ጺብሊዬቭ በዚህ ዓይነት መንዳት በምድር ላይ የሠለጠነው ከመነሣቱ በፊት፣ ማለትም ከየካቲት መጀመሪያ በፊት ነው። በጣቢያው ላይ የሚለማመድበት መሣሪያ አልነበረም።

ሰኔ 18

አሜሪካዊው ማይክል ፎል በግንቦት ወር መጥቶ ሦስተኛ ሆኗቸዋል። መኝታውም ሳይንሳዊ ዕቃዎቹም ስፔክትር ውስጥ ነበሩ። በዕለቱ ጺብሊዬቭ በዋናው ክፍል ከቶሩ እጀታዎች ፊት ተቀመጠ፤ ላዙትኪንና ፎል ደግሞ መስኮት ለመስኮት እየተዘዋወሩ መንኮራኩሯን ፈልገው በሌዘር ርቀቷን እንዲለኩ ተመደቡ። ሚር ግን እንደ አንድ ቤት አይደለም። በ1978 ዓ.ም. ዋናው ክፍል ከተተኮሰ ወዲህ ሌሎች ክፍሎች በየአቅጣጫው የተሰኩበት፣ የፀሐይ ሰሌዳዎች በየቦታው የተዘረጉበት ነው፤ ከአንዱ መስኮት የሚታየው ብዙ ጊዜ የራሱ የጣቢያው አካል ነው። ሁለቱ ሰዎች መንኮራኩሯን ሊያገኟት አልቻሉም። ካላገኙ መለካት የለም። ስለዚህ ጺብሊዬቭ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስክሪኑ።

ስክሪኑ ላይ የሚያየው መንኮራኩሯን አልነበረም፤ ራሱን ነበር። ካሜራው ያለው መንኮራኩሯ ላይ ስለሆነ የሚታየው ጣቢያው ነው። መንኮራኩሯ የመጣችው ከላይ ወደ ታች ስለነበር ደግሞ ከጣቢያው ጀርባ ጥቁር ሰማይ አልነበረም፤ ምድር ነበረች፣ በነጭ ደመና የተሸፈነች። የሚርን ነጭ ገላና ሰሌዳዎች ከደመናው መለየት ከባድ ነበር።

እዚህ ላይ ሹፌሮቹን ወረቀት አስይዤ አንድ ስሌት አሠራቸዋለሁ፤ ከቃል ይልቅ ቁጥሩ ያስረዳልና። በሰከንድ ሦስት ሜትር የሚቀርብ ነገር እንውሰድ። የምናየው መጠን እጥፍ የሚሆነው ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ነው። ከ3,000 ሜትር ወደ 1,500 ሜትር ለመድረስ 500 ሰከንድ፣ ማለትም ከስምንት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። በነዚያ ስምንት ደቂቃዎች ምስሉ የሚያድገው እጥፍ ብቻ ስለሆነ ዓይን እንደቆመ ይቆጥረዋል። ከ200 ሜትር ወደ 100 ሜትር ሲመጣ ግን ያው እጥፍ ዕድገት በ33 ሰከንድ ይሆናል። ከ100 ወደ 50 ሜትር በ17 ሰከንድ፣ ከ50 ወደ 25 ሜትር በ8 ሰከንድ። ፍጥነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው፤ ለዓይን ግን መጀመሪያ የማይንቀሳቀስ፣ መጨረሻ ላይ የሚወረወር ይመስላል። ሰው በዓይኑ ብቻ ይህን እንዲገምት ማድረግ ማለት ፍሬን መያዝ የሚያስፈልገው መሆኑን የሚያውቀው ፍሬኑ የማይበቃበት ሰዓት ላይ እንዲሆን መወሰን ነው። በጠፈር ደግሞ ጎማና አስፋልት የለም፤ ማቆም የሚቻለው በተቃራኒው በኩል ሞተር አንሥቶ በመግፋት ብቻ ነው፤ የትንንሾቹ ሞተሮች ግፊት ደግሞ ለሰባት ቶን ጊዜ ይፈልጋል።

የሆነውም ይኸው ነው። ጺብሊዬቭ ምስሉ ከሚጠበቀው በላይ ሲያድግ አይቶ ማቆሚያውን ያዘ፤ ያዘና አልለቀቀም። ላዙትኪን በመስኮት መንኮራኩሯን ያገኛት ከአጠገባቸው ደርሳ ነው፤ ከሰሌዳው ጀርባ ብቅ ስትል መስኮቱን የሞላች ነበረች። ፎል ወደ ሶዩዝ፣ ወደ ማምለጫዋ መንኮራኩር፣ እንዲሮጥ ጮኸበት። ፕሮግረስ ልትያያዝበት የነበረውን በር ስታ በጣቢያው ጎን ተንሸራተተችና ስፔክትርን መታችው።

በሩ ላይ የታሰሩት ኬብሎች

ፎል ጆሮው ሲደነቁር ተሰማው። ጆሮ የሚደነቁረው የአየር ግፊት ሲቀንስ ነው፤ ማስጠንቀቂያው ሳይነግረው በፊት ሰውነቱ ነገረው። ጆሮው ሲሰማው ግን ሌላም ነገር ተረዳ፤ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ እያለ እየወረደ ስለሆነ ቀዳዳው ትንሽ ነው፣ ጊዜ አለ።

ላዙትኪን የተመታው ስፔክትር መሆኑን አይቶ ስለነበር በቀጥታ ወደ መግቢያው ሄደ። መግቢያው ግን ሊዘጋ አይችልም። በሩ መካከል ከስፔክትር ወደ ሌሎቹ ክፍሎች የሚያልፉ ኬብሎችና የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ ተዘርግተዋል፤ ከደርዘን በላይ ናቸው። ለዓመታት በሩ ተከፍቶ ስለኖረ መንገዱ የሽቦ መተላለፊያ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ላዙትኪን የሚነቀለውን መንቀል፣ የማይነቀለውን በቢላ መቁረጥ ጀመረ፤ ፎልም ተመልሶ አገዘው። ሲጨርሱ የስፔክትርን የራሱን በር ስበው ለመዝጋት ሞከሩ፤ ወደ ቀዳዳው የሚነፍሰው አየር አላስቻላቸውም። ከዚያ በመገናኛው ክፍል ከተቀመጡት ልዋጭ ክዳኖች አንዱን አንሥተው ከወዲህ በኩል ገጠሙት። ያን ጊዜ ሲታገላቸው የነበረው አየር ራሱ ክዳኑን ገፍቶ አጣበቀላቸው። የግፊቱ መውረድ ቆመ።

በሥልጠናው ላይ ረዳቶቹን የሚይዛቸው ይህ ክፍል ነው። የእሳት ማምለጫ በር ላይ ካርቶን የተደረደረበትን፣ የእሳት ማጥፊያው ፊት ፓሌት የቆመበትን መጋዘን ሁሉም ያውቁታል። አንድ ወጣት ረዳት «ቢላው ባይኖርስ?» ብሎ ጠየቀኝ። በቂ መልስ አልነበረኝም፤ ላዙትኪን ቢላ መፈለግ ነበረበት፣ በሩ አጠገብ የተንጠለጠለ አልነበረም።

ችግሩ በዚህ አላበቃም። ከተቆረጡት ኬብሎች መካከል ከስፔክትር ሰሌዳዎች ኃይል የሚያመጡት ነበሩ፤ ስፔክትር ደግሞ የጣቢያውን ኤሌክትሪክ ግማሽ የሚጠጋውን ያቀርብ ነበር። ግጭቱ ጣቢያውን ስላሽከረከረው የቀሩትም ሰሌዳዎች ከፀሐይ ተዛነፉ። ባትሪዎቹ ወረዱ፣ መብራትና ማራገቢያ ጠፋ፣ አቅጣጫ የሚጠብቁት መሣሪያዎች ቆሙ። ፎል የሥነ ፈለክ ፊዚክስ ሰው ነው። አውራ ጣቱን በመስኮቱ ላይ አንሥቶ ከዋክብቱ ከጣቱ አንጻር በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያልፉ አየና ጣቢያው በምን ያህል እንደሚሽከረከር ገመተ። ግምቱን ለምድር ነገሩ፤ ከዚያም የሶዩዝን ሞተሮች አስነሥተው ሰሌዳዎቹን ወደ ፀሐይ መለሱ። ልኬት የነጠቃቸው አደጋ ውስጥ ሆነው በጣት ልኬት ፈጠሩ፤ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ለነዚህ ሰዎች ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

የጠገነችውም ሌላ የጭነት መንኮራኩር ናት። ፕሮግረስ ኤም-35 ሰኔ 28 ቀን ተነሥታ ሰኔ 30 ቀን ደረሰች፤ ከጫነችው መካከል ኬብል የሚያሳልፍ፣ አየር ግን የማያሳልፍ ልዩ ክዳን ነበረበት። በሐምሌ ወር ጺብሊዬቭ የልብ ምቱ ተዛብቶ ስለተገኘ ጥገናው ለተተኪዎቹ ተላለፈ። አናቶሊ ሶሎቪዮቭና ፓቬል ቪኖግራዶቭ ሐምሌ 29 ቀን ከምድር ተነሡ፤ ነሐሴ 16 ቀን የጠፈር ልብስ ለብሰው አየር አልባ ወደሆነው ስፔክትር ገቡና አሥራ አንድ ኬብሎችን ከአዲሱ ክዳን ጋር አገናኙ። ጳጉሜን 1 ቀን ሶሎቪዮቭና ፎል ከውጭ ሆነው ቀዳዳውን ፈለጉ፤ አላገኙትም። ስፔክትር ዳግመኛ አየር ሳይገባበት፣ የፎል ዕቃ እንደተቆለፈበት፣ ሚር መጋቢት 14 ቀን 1993 ዓ.ም. በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ እስኪወድቅ ድረስ ቆየ።

ፍርዱ

ጺብሊዬቭና ላዙትኪን ነሐሴ 8 ቀን ወደ ምድር ተመለሱ። መሬት ሲነኩ ምቱን የሚያለዝቡት ሞተሮች በጊዜያቸው ስላልሠሩ ማረፋቸው እንኳን ከባድ ነበር። የጠበቃቸው ወሬ ደግሞ «የሰው ስህተት» የሚል ነበር። ጺብሊዬቭ ይህን በአደባባይ ተቃውሟል።

የሰው ስህተት የሚለው ቃል ምርመራን የሚጀምር መሆን ሲገባው፣ በዚህ ጉዳይ ምርመራን ለመዝጋት ነው የዋለው። የጥፋቱን ሰንሰለት ከኋላ ወደ ፊት እንሳበው። ጺብሊዬቭ ዘግይቶ ፍሬን ያዘ። የዘገየው ፍጥነቱን ስላላወቀ ነው። ያላወቀው ኩርስ ስለጠፋና የሌዘሩ ልኬት ስላልመጣ ነው። ሌዘሩ ያልመጣው ከመስኮቶቹ መንኮራኩሯ ትታይ አትታይ እንደሆነ አስቀድሞ ሳይረጋገጥ ዕቅዱ በዚያ ላይ ስለቆመ ነው። ኩርስ የጠፋው የየካቲቱ ጥፋት መንስኤ በግምት ስለተዘጋ ነው። ሙከራው ራሱ የመጣው ደግሞ ወጪ ለመቀነስ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ጺብሊዬቭ ያደረገው ውሳኔ የመጨረሻው ብቻ ነው፤ የቀሩት በምድር ላይ፣ በጠረጴዛ ዙሪያ፣ ጊዜ ባላቸው ሰዎች የተወሰኑ ናቸው። ወጪ መቀነስ ነውር አይደለም፤ ድሃ የሆነ ሥራ ሁሉ የሚገጥመው ነው፣ እኛም በየቀኑ የምንኖረው ነው። ነውሩ የተቀነሰው ነገር ልኬት መሆኑና የቅናሹ ዕዳ ሳይነገረው እጀታውን ለያዘው ሰው መተላለፉ ነው።

ጉዳዩን በኋላ ከሰው አፈጻጸም አንጻር የመረመሩ ባለሙያዎችም ድካሙን፣ የልምምዱን ማነስ፣ የደመናውን ጀርባና የርቀት መረጃ መጥፋቱን አብረው ቆጥረዋል። ከነዚህ ውስጥ ለብቻው ይበቃ የነበረው አንዱ ብቻ ይመስለኛል፤ የርቀት መረጃው። ደክሞም፣ ልምምዱ ርቆትም፣ ደመናው እያስቸገረውም ቢሆን፣ «ስድስት መቶ ሜትር፣ በሰከንድ ሦስት ሜትር» የሚል ቁጥር ፊቱ ላይ ቢኖር ጺብሊዬቭ ያቆማት ነበር።

ቃሊቲ ላይ የተነሣው ክርክር

በሥልጠናው ላይ ሁሉም በዚህ አይስማማም። አንድ የመጋዘን ፈረቃ ኃላፊ አጥብቆ የተከራከረኝ፣ አዛዥ ማለት እምቢ ማለት የሚችል ሰው ነው በሚል ነው። በየካቲት ባዶ ስክሪን ፊት ተቀምጦ ያየ ሰው፣ በሰኔ ልኬት ሳይኖረው እንዴት ይጀምራል? ሁለቱ ሰዎች መንኮራኩሯ አልታየችንም ሲሉትስ ለምን እዚያው አላቋረጠም?

መልስ የሰጠው እኔ አልነበርኩም። ለረጅም ዘመን በጅቡቲ መስመር የሠሩ አንድ አንጋፋ ሹፌር ነበሩ። «ልጄ፣ አንተ በሩ ላይ ቆመህ ቶሎ አስገባ፣ ከኋላ ሦስት መኪና ተሰልፏል ትለኛለህ። ረዳቴ በግድግዳው በኩል አይታየኝም ይለኛል። እኔ ሞተር አጥፍቼ ብወርድ ማታ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ የምትከሰኝ አንተ ነህ» አሉት። ኃላፊው አልሸሸም፤ «እውነት ነው ጋሼ፣ እከስዎታለሁ» አለ። ቤቱ ሁሉ ዝም አለና ከዚያ ንግግሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሹፌር ርቀቱ ካልታወቀው የማቆም መብት አለው የሚለው ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ሲያቆም ግን ሰዓቱ በማን ላይ ይቆጠራል? ያ እስካልተመለሰ ጽሑፉ ወረቀት ነው። ግማሽ ቀን የተነጋገርነው በዚህ ላይ ነው፤ የመጋዘኑ ኃላፊ ራሱ፣ ረዳት «አይታየኝም» ካለ የቆመው ሰዓት በመጋዘኑ እንጂ በሹፌሩ እንዳይመዘገብ ሐሳብ አቀረበ።

ስለ ጺብሊዬቭም የምለው ይህንኑ ነው። በመርህ ደረጃ ማቋረጥ ይችል ነበር። ነገር ግን ሙከራውን ያቋረጠ አዛዥ የሚመለሰው ሙከራውን ካዘዙት ሰዎች ዘንድ ነው፤ በየካቲት ሳይሳካለት የቀረ ሰው ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ሳይሳካለት ቢመለስ ምን እንደሚባል ያውቃል። ደግሞም አቋርጥ የሚል ግልጽ መስፈርት፣ ለምሳሌ በዚህን ያህል ደቂቃ ርቀቱ ካልተለካ ሽሽ የሚል ቁጥር፣ ዕቅዱ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ማቋረጥ የድፍረት ጉዳይ ሳይሆን የደንብ ጉዳይ በሆነ ነበር።

ከዚያ ወዲህ

እንዲህ ያለ የማቋረጥ ደንብ ህልም አይደለም፤ የተሠራበት ነው። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት የመጀመሪያዋ የጭነት መንኮራኩር ዡል ቨርን የካቲት 30 ቀን 2000 ዓ.ም. ተነሥታ ወደ ዓለም አቀፉ ጣቢያ ስትሄድ በቀጥታ አልተጠጋችም። መጀመሪያ የማምለጫ እንቅስቃሴዋን ከሩቅ ሆና ሠርታ አሳየች፤ ከዚያ በተለያዩ ቀናት እየተጠጋች፣ እየቆመች፣ እየተመለሰች ልምምድ አደረገች። የተያያዘችው መጋቢት 25 ቀን ነው። መሸሽ መቻሏ ሳይረጋገጥ መቅረብ አልተፈቀደላትም።

ከሁሉ የምወደው ምሳሌ ግን ግንቦት 17 ቀን 2004 ዓ.ም. የሆነው ነው። ድራጎን የተባለችው የግል ኩባንያ መንኮራኩር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጣቢያው ስትቀርብ፣ 30 ሜትር ላይ ደርሳ የሌዘር መለኪያዋ ከጃፓኑ ክፍል በሚመጣ ነጸብራቅ ተምታታ። ዓለም እያየ ነበር፤ ታሪክ የሚጻፍበት ሰዓት ነበር። መንኮራኩሯ ወደ 70 ሜትር ተመለሰች፣ ቆመች፣ መሐንዲሶቹ የመለኪያውን የእይታ ስፋት አጥብበው ነጸብራቁን ከዕይታው ውጭ አደረጉ፣ ከዚያ እንደገና ቀረበች። የጣቢያው ክንድም ያዛት። የተጠራጠሩት ልኬቱን ነው፤ ልኬቱ እስኪታመን ድረስ ማንም እጅ ይቅናው ተብሎ አልተገፋም።

ኩርስም አልቀረም። ፕሮግረስ ዛሬም የሚጠጋው በተሻሻለው የኩርስ ዝርያ ነው፤ ቶሩም ወደ ቀድሞ ቦታው፣ ወደ መጠባበቂያነት ተመልሷል።

ፎል በ1996 ዓ.ም. ዓለም አቀፉን ጣቢያ በአዛዥነት መርቷል። ጺብሊዬቭ ግን ከዚያ በኋላ ወደ ጠፈር አልተመለሰም። ግጭቱ በደረሰ በስድስት ዓመት ገደማ ኮስሞናውቶች የሚሠለጥኑበት የጋጋሪን ማዕከል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ፤ መንኮራኩር በእጅ ማስጠጋትን ለአዳዲስ ኮስሞናውቶች የሚያስተምረው ቤት ለዓመታት በእሱ እጅ ነበር።